ምን ትችል

ሽምብጥ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከጠረጴዛዬ ሥር
ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ግንብ ነበር፤
ጥቁር የቆርቆሮ ግንብ፣ ቁመቱ እስከ ጉልበቴ፣
ሲነሣ እያጓራ፣ የምትቆጣበት ጎረቤቴ።
በግንቦት ነጎድጓድ መብራት ሄዶ ሲመጣ
"ጧ!" አለና አንድ ሌሊት፣ ነፍሱ በጀርባው ወጣ።

ምንይችል ጋ ሄድኩ፤ ከገበያው ጀርባ ካለችው ሱቅ፣
ኮምፒውተር ከሚያክም፣ ከሚሸጥ፣ ከሚያስታርቅ።
ከመደርደሪያው ጥግ አንዲት ነገር አወረደ፣
እንቁላል እንደያዘ ሰው በቀስታ ተራመደ።
ውዳሴ ማርያም ከነማኅደሩ፣ ከዚያ አትበልጥም።
"ይቺውልሽ" አለኝ። ሳቄን አልዋጥኩትም።

"አንተ ሰው፣ እኔ እኮ ደብዳቤ አልጽፍባት!
ጣናን ከነዳርቻው ነው የምጭንባት፤
የአሥር ዓመት የሳተላይት ምስል፤ እምቦጭ የሸፈነውን፣
የደምቢያን ዳር፣ የፎገራን ጥግ፣ ወር በወር የወረሰውን።
ይህ ሁሉ ሲቆለልባት፣ ይቺ ምን ትችል?"

"ስሜን በሴት አንቀጽ ጠራሽው" አለኝ ምንይችል።
"በሰባት ወሬ ነው እኔ የተወለድኩት፤
'ምን ይችል' ብለው ነው ስሜንም ያወጡት።
ይኸው ፍሪጅ አዝዬ ሦስት ፎቅ እወጣለሁ።
ሐይቅሽን ያነቀው ምንድነው? አበባ ነው እላለሁ፣
መዳፍ የማይሞላ፣ ሐምራዊ።"

እውነቱን ለመናገር፣ ለትልቁ ገንዘብ አልነበረኝም፤
ክርክሩን ያሸነፈው ቦርሳዬ ነው፣ እሱ አይደለም።

የመጀመሪያው ወር ፍቅር ነበር። ዝም ትላለች።
ሌሊቱን ሙሉ ትሠራለች፣ ትደምራለች፣
ድምፅዋ ግን የለም። በመስኮቴ፣ ከዓባይ መውጫው በኩል
ጉማሬ ሲያጓራ ሰማሁ፤ ለካ ሰባት ዓመት ግንቡ ነበር የሚከልል።
መብራት ሲጠፋ እሱ በባትሪ አራት ደቂቃ ነበር ዕድሜው፤
እሷ አንድ ሰዓት ከሩብ ትቆያለች፣ እኔ ሻማ ስፈልግ፣ ሳጣው፣ ሳገኘው፣ ስለኩሰው።

ከዚያ ነሐሴ መጣ። ሐይቁን አንድ ላይ፣ በአንድ ሌሊት፣
ሙሉውን፣ ሳልቆርስ ሳልቀንስ አቀረብኩላት።
ትኩሳት ያዛት። እጄን ብጭንባት ፈጀኝ፤
የሦስት ሰዓቱን ሥራ እስከ ማግስቱ ማታ አስጠበቀችኝ፣
እኩለ መንገድ ላይም ጥላኝ ተኛች።

የደንገል ታንኳ አሰብኩ፤ ከዘጌ እንጨት ጭና፣
ከአፍ እስከ ገደፏ ሞልታ ትመጣለች፤ ትችላለች፤ ጀግና።
ግን ውሃ ትጠጣለች ቀስ በቀስ፣ በሆዷ፤
ካላቆሟት ፀሐይ ላይ፣ ካልደረቀ ገላዋ፣
የሚያሰምጣት ጭነቱ አይደለም፣ የጠጣችው ነው።
ይቺም ሙቀት ትጠጣለች። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ቆራረስኩት ሐይቁን። አሥራ ስምንት ጉርሻ።
በየመሃሉ አሳረፍኳት፣ መስኮት ዳር፣ እስከ መጨረሻ።
ነጋ። ካርታው ወጣ። አማረኝ።

ቆራታ፣ ውሃው ዳር፣ ጫንያለው የሚባሉ ዓሣ አጥማጅ
ካርታዬን ታንኳቸው ላይ ዘረጉት፤ በእርጥብ እጅ
ከደምቢያ ጀምረው ዳሩን ዳሩን ዳሰሱት፣
መሃል ላይ ሲደርሱ ግን ጣታቸውን አቆሙት።
"ይሄ ቀጥ ያለ መስመር ምንድነው ልጄ?
እምቦጭ በማስመሪያ ይበቅላል? አርባ ዓመት ቀዝፌ፣ ሄጄ፣
እንዲህ ያለ ድንበር ውሃ ላይ አላየሁም።"

ስፌቱ ነበር። ጉርሻ ከጉርሻ ያልገጠመበት።
"የማሽኔ አቅም ያለቀበት ነው" አልኩ፤ አፈርኩበት።
ሳቁ። "እኛም ታንኳው ካልበቃን እንመላለሳለን፣ ሁለቴም ሦስቴም፤
ገበያ ሲደርስ ግን ዓሣው ላይ መስመር አይታይም።"

ማታ፣ ዳር ዳሩን አደራርቤ እንደገና ልቆርሰው ተቀመጥኩ፤
ስልኬ ጮኸ። ምንይችል። "ትልቅ ግንብ መጣልኝ፣ ያገለገለ፤ አንቺን አሰብኩ፤
ላቆይልሽ?"
ትንሿን ዳሰስኳት፤ ሞቅ ብላ ትሠራለች በጨለማ።
"እስከ ሰኞ" አልኩት፣ በሹክሹክታ፣ እሷ እንዳትሰማ።